የስኳር ሕመምና የእጅ ስልክ፦ ከሆስፒታል ርቀው በአፍደም ለሚኖሩ ሕሙማን ምን ይጠቅማል?

ከሚኤሶ ወደ ድሬዳዋ በሚዘልቀው የባቡር መስመር ላይ የምትገኘው አፍደም የሲቲ ዞን አርብቶ አደሮች ለገበያም ለሕክምናም የሚመጡባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖር የስኳር ሕመምተኛ የጤና ባለሙያ የሚያገኘው በቀጠሮው ቀን ነው፤ ነገሩ ከከበደ መንገዱ ወደ ድሬዳዋ ይሆናል። ቀጠሮው በየወሩ ቢሆን እንኳ በዓመት 12 ቀን ነው። በቀሩት 353 ቀናት መድኃኒቱን የሚመጥነው፣ ምግቡን የሚመርጠው፣ የሰውነቱን ለውጥ የሚያስተውለው ሕመምተኛው ራሱ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በልዩ ልዩ አገሮች የተሠሩ የስልክና የኢንተርኔት መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። የደም ስኳር መጠንን የሚመዘግቡ መተግበሪያዎች፣ ምክር የሚልኩ አጫጭር መልእክቶች፣ ክንድ ላይ ተለጥፈው ቀንና ሌሊት የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። ጥያቄው ከእነዚህ ውስጥ አፍደም ላይ የሚሠራው የትኛው ነው የሚለው ነው። መልሱም ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነው፤ በዚህ አካባቢ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ኢንተርኔት የማይፈልገው ነው።

ስለ ሕመሙ በአጭሩ

የስኳር ሕመም ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሲቋረጥ፣ ሲያንስ ወይም ሰውነት በአግባቡ ሳይጠቀምበት ሲቀር የሚመጣ ነው። ዓይነት አንድ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል፤ ያለ ኢንሱሊን መርፌ ሕይወትን ማቆየት አይቻልም። ዓይነት ሁለት በጎልማሶች ላይ የሚያመዝን ሲሆን በአመጋገብ፣ በእንቅስቃሴና እንደ ሜትፎርሚን ባሉ እንክብሎች ለረጅም ጊዜ ሊያዝ ይችላል። በእርግዝና ወቅት የሚከሰትም አለ።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት 3.2 በመቶ የሚሆኑ አዋቂዎች የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ተመዝግቧል። ድርቅ ለሚደጋገምባቸው አካባቢዎች ልዩ ትርጉም ያለው ሌላ ጉዳይም አለ። በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘና በቀጫጭን ወጣቶች ላይ የሚታይ የስኳር ሕመም በገጠር ኢትዮጵያ መኖሩን የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ለረጅም ዓመታት ሲጽፉ ቆይተዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህን ሕመም «ዓይነት አምስት» በሚል ስያሜ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ስለዚህ «ስኳር የወፍራምና የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው አባባል በአርብቶ አደሩ አካባቢ አሳሳች ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ሽንቱ የሚበዛ፣ እየበላ የሚከሳ ወጣት «ድርቁ ነው የጎዳው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

ሦስት ዓይነት ቁጥር፣ ሁለት ዓይነት ሰዓት

ማንኛውም መተግበሪያ የሚጠቅመው የሚመዘገብ ቁጥር ሲኖር ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው በጣት ጫፍ ደም የሚለካው ትንሹ የስኳር መለኪያ ነው። እዚህ ላይ መሣሪያውን ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ስለ ስትሪፑ ነው። የአንዱ ኩባንያ ስትሪፕ በሌላው ኩባንያ መለኪያ አይሠራም። ከጅቡቲ ወይም ከአውሮፓ በዘመድ የተላከ ዘመናዊ መለኪያ ይዞት የመጣው ስትሪፕ ሲያልቅ ተጨማሪው ድሬዳዋ ካሉ መድኃኒት ቤቶች የማይገኝ ከሆነ የልጆች መጫወቻ ከመሆን አያልፍም። በአቅራቢያ ስትሪፑ የሚገኝለት ተራ መለኪያ ከዚህ ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመለኪያ አሃድ ነው። በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት የተለመደው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። በብሪታንያና በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ሚሊሞል በሊትር ይሠራበታል። በፈረንሳይ የሕክምና ልማድ ደግሞ ውጤቱ በግራም በሊትር ይጻፋል፤ አፍደም በባቡርም በዝምድናም ከጅቡቲ ጋር የተሳሰረች በመሆኗ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ታካሚ ቢኖር አያስገርምም። ሦስቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ 126 ሚሊግራም፣ 7 ሚሊሞልና 1.26 ግራም እኩል ናቸው። ሚሊሞሉን በ18 ማባዛት ወደ ሚሊግራም ይመልሰዋል። መተግበሪያው በአንዱ አሃድ ተስተካክሎ መለኪያው በሌላው ሲያሳይ «ስኳሬ 7 ደረሰ» ብሎ የሚደነግጥ ወይም በተቃራኒው ከፍ ያለ ውጤት አይቶ «ትንሽ ቁጥር ነው» ብሎ የሚዘናጋ ሰው ይኖራል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን አሃዱን መጻፍ ግድ ነው።

ከምግብ በፊት በባዶ ሆድ ተለክቶ በሁለት የተለያዩ ቀናት 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ መሆን የስኳር ሕመምን ያመለክታል። ሕመሙ ላለበት አዋቂ ደግሞ በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 መካከል መቆየት የተለመደው ግብ ነው፤ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለልጆች ሐኪሙ የተለየ ግብ ሊሰጥ ይችላል። ከ70 በታች መውረድ ወዲያውኑ መፍትሔ የሚሻ አደጋ ነው።

ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል። የጤና ባለሙያው «ጠዋት 12 ሰዓት ውሰድ» ሲል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የስልኩ ማንቂያ ደወል ግን 12 ላይ ቢሞላ የሚጮኸው እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ስልኩ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ከሆነ ስድስት ሰዓት መቀነስ ወይም መጨመር ያስፈልጋል። ደወሉን ባለሙያው ራሱ በቀጠሮ ቀን ቢሞላው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ኢንተርኔት የማይጠይቅ፣ በየትኛውም ተራ ስልክ ላይ ያለ መሣሪያ ደግሞ እርሱ ነው።

መተግበሪያዎች የሚሰጡትና የማይሰጡት

በዓለም ላይ ከሚታወቁት መተግበሪያዎች አንዱ በኦስትሪያ ቪየና የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2017 በስዊዘርላንዱ ሮሽ ኩባንያ የተገዛው ማይሹገር ነው። ተጠቃሚው የደም ስኳሩን፣ የበላውንና የወሰደውን መድኃኒት ይመዘግባል፤ መተግበሪያው ደግሞ ውጤቱን በሥዕላዊ መስመር አሳይቶ ለሐኪም የሚሰጥ ዘገባ ያዘጋጃል። ሌላው የአቦት ኩባንያ ፍሪስታይል ሊብሬ የተባለው ክንድ ላይ የሚለጠፍ መለኪያ ነው። ጣትን ሳያስወጋ ውጤቱን ወደ ስልክ ያስተላልፋል። ሆኖም አንዱ ተለጣፊ የሚያገለግለው ለ14 ቀናት ያህል ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ መግዛት ለአንድ አርብቶ አደር ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም።

እንደነዚህ ያሉ መተግበሪያዎች ሁለት ነገሮችን አሟልተው ይነሣሉ፤ ማንበብ የሚችል ተጠቃሚንና በየዕለቱ በርካታ ስትሪፕ የመጠቀም አቅምን። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚለካ ሰው ግን ባለ ቀለሙ ሥዕላዊ መስመር ብዙ የሚነግረው የለም። የምግብ ዝርዝራቸውም የሚያውቀው የፈረንጅ ማዕድ ነው። ላሆህ፣ በወተት የፈላ ጣፋጭ ሻይ፣ ሩዝ በፍየል ሥጋ የሚሉ ምግቦች ከዝርዝሩ ውስጥ አይገኙም። ከሁሉም በላይ በአካባቢው ለብዙ ቀን የማይቀየረው ልማድ በቀን አራትና አምስት ጊዜ የሚጠጣው ሻይ ነው። በእያንዳንዱ ብርጭቆ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ በአምስት ብርጭቆ አሥራ አምስት ማንኪያ ይሆናል። ይህን ለማስላት መተግበሪያ አያስፈልግም።

ማንበብ የማይችል ሰው ራሱን መከታተል አይችልም ማለት ግን ስሕተት ነው። እያንዳንዷ ግመል መቼ እንደተጠቃች፣ መቼ እንደወለደች፣ ስንት ወር እንደታለበች በቃሉ የሚያውቅ አርብቶ አደር ስለ ራሱ ሰውነት ያንኑ ያህል መያዝ አይከብደውም። የሚያስፈልገው የሚያዳምጠው ሰውና በራሱ ቋንቋ የሚነገር መልስ ነው።

ድምፅ ከጽሑፍ ይቀድማል

በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከጤናው ይልቅ ከግብርናው ዘርፍ ይገኛል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው 8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር ደዋዩ ቋንቋ መርጦ፣ ቁጥር እየተጫነ፣ በድምፅ የተቀረጸ ምክር በነፃ እንዲሰማ ያደርጋል። ኢንተርኔትም ማንበብም አይፈልግም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደዋዮችን አስተናግዷል። ስለ ዘር አዘራርና ስለ ማዳበሪያ የሠራው አሠራር ስለ ኢንሱሊን አወጋግና ስለ እግር ጥንቃቄ በሶማሊኛ የማይሠራበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም።

በጤናው ዘርፍ ቀዳሚ ልምድ ያላት ሴኔጋል ናት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 በጀመሩት የጋራ ሥራ ውስጥ ሴኔጋል በ2014 የረመዳን ወር ለስኳር ሕሙማን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ምክር መላክ ጀመረች። መልእክቶቹ አጫጭር ነበሩ፤ ለጾም እንዴት መዘጋጀት እንደሚገባ፣ መቼ መለካት እንደሚያስፈልግ፣ መቼ ጾም ማቋረጥ ግድ እንደሚሆን የሚያስታውሱ። ረመዳን የተመረጠው በምክንያት ነው። በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ የስኳር ሕሙማን ሙስሊሞችን ያካተተው ኤፒዲያር የተባለው ጥናት እንዳሳየው፣ በረመዳን ለሆስፒታል የሚያበቃ የስኳር ማነስ በዓይነት አንድ ሕሙማን 4.7 እጥፍ፣ በዓይነት ሁለት ደግሞ 7.5 እጥፍ ይጨምራል።

አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በአፍደምም ይህ ከሁሉ ቀድሞ ሊነገር የሚገባው ነው። ስለ ረመዳንና ስለ ስኳር ሕመም የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ ይገልጻል። የደም ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ሊቋረጥ እንደሚገባም ያስረዳል። ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ወር ከመንፈቅ በፊት ባለሙያን አማክሮ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ማስተካከል ያስፈልጋል፤ የጠዋቱ መጠን ለኢፍጣር፣ የማታው ለሱሁር የሚዛወርበት ሁኔታ አለ፤ ነገር ግን መጠኑ እንዳለ አይዛወርም። ይህን ምክር የአካባቢው የሃይማኖት አባቶች በመስጊድ ቢያስተላልፉት ከማንኛውም መልእክት በተሻለ ይደመጣል።

ለዛሬው የአፍደም ሕመምተኛ ቅርቡ መሣሪያ ግን ከጤና ጣቢያው ነርስ ወይም ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር የሚደረግ የስልክ ጥሪ ነው። በጎንደርና በጅማ አካባቢ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ያስቆጠረው ልምድ የሚያሳየው፣ የስኳር ሕሙማንን ክትትል ከሆስፒታል አውርዶ የሠለጠኑ ነርሶች ባሉባቸው የገጠር ጤና ጣቢያዎች ማካሄድ እንደሚቻል ነው። ስልክ ይህን አሠራር አንድ ደረጃ ወደ ታች ያወርደዋል። ስማርት ስልክ ያለው የቤተሰብ አባል ካለ ደግሞ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት መላክ ይቻላል፤ ኔትወርክ በሌለበት የተቀዳው መልእክት ከብት ለማጠጣት ወይም ለገበያ ወደ ከተማ ሲቀረብ ይሄዳል። በሶማሌ ክልል እንደ ሄሎካሽ ባሉ አገልግሎቶች ገንዘብን በስልክ መላክ ለዓመታት የተለመደ በመሆኑ የስትሪፕና የመድኃኒት ዋጋ ለድሬዳዋ ዘመድ ልኮ ማስገዛትም አዲስ ነገር አይሆንም።

ቋንቋው ግን ይጠንቀቁበት። በሶማሊኛ ሕመሙ «ሶንኮሮው» ወይም «መዓን» ተብሎ ይጠራል። የመድኃኒት ወረቀት በእንግሊዝኛ፣ የቀጠሮ ካርድ በአማርኛ፣ የቤት ንግግር በሶማሊኛ በሆነበት ቤት «ሁለት ጊዜ» የሚለው ትእዛዝ ከሁለት ትርጉም በኋላ «ሁለት ፍሬ» ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ባለሙያው ትእዛዙን በሕመምተኛው ስልክ ላይ በሶማሊኛ ቢቀዳለት ይህ ስሕተት ይወገዳል።

ኢንሱሊንና የቆላው ሙቀት

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ምን ያድርግ ለሚለው ጥያቄ በቅርብ ዓመታት የተገኘው መልስ የመጣው ከሌላ የሶማሌዎች መኖሪያ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ ዳዳብ በሚገኘው የዳጋሃሌይ የስደተኞች መጠለያ የተመዘገበውን የሙቀት መጠን መነሻ አድርገው ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናት፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንታት ቢቀመጥ ኃይሉን እንደማያጣ ተረጋግጧል። ሙቀቱ ከዚህ ካለፈ ግን ጥናቱ ዋስትና አይሰጥም።

እዚህ ላይ የሸክላ ዕቃ ይጠቅማል። አንዱን ሸክላ በሌላ ትልቅ ሸክላ ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው አሸዋ መሙላትና አሸዋውን ውሃ እያጠጡ ማርጠብ የውስጡን ሙቀት ይቀንሳል። ውሃው በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ዘዴው የሚሠራው እንደ አፍደም አየሩ ደረቅ በሆነበት ቦታ ነው። ዕቃው በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጣል፤ የኢንሱሊኑ ጠርሙስ ውሃ እንዳይነካው በፕላስቲክ ይጠቀለላል። በመኪና ሲጓዙ ከፊት መስታወት ሥር ማስቀመጥ፣ ወይም በረዶ ላይ በቀጥታ መጣል ያበላሸዋል። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን መልኩ ደህና ቢመስልም አይወጋም።

እግርና ፎቶግራፍ

የስኳር ሕመም የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። በሲቲ ዞን የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ እሾህ ደግሞ የጎማ ጫማን ሳይቀር ይበሳል። ስሜቱ የደነዘዘ እረኛ እሾህ ተሰክቶበት ቀኑን ሙሉ ሊሄድ ይችላል፤ የሚያውቀው ቁስሉ ሲመግል ነው። ማታ ማታ የውስጥ እግርን በእጅ ባትሪ መመርመር፣ ራሱ ማየት ካልቻለ ልጅ ወይም የትዳር አጋር ማየት ይኖርባቸዋል። ቁስል ከተገኘ ከሳንቲም ጎን ፎቶግራፍ አንሥቶ ለጤና ባለሙያው መላክ፣ በሁለተኛው ቀንም መድገም መስፋት አለመስፋቱን ያሳያል። ከመተግበሪያዎች ሁሉ ይልቅ የስልኩ ካሜራ እግር ያድናል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በስልክ የሚመጣው አደጋ

ያው ስልክ መርዝም ያመጣል። «ስኳርን በ21 ቀን የሚያጠፋ» ዱቄት፣ «ኢንሱሊን ሱስ ያስይዛል» የሚል ንግግር፣ ሐኪም የሚመስል ሰው የሚሸጠው ቅጠል በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በየዕለቱ ይዘዋወራል። ዓይነት አንድ ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ሊሞት ይችላል። ኢንሱሊን ሱስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1922 በካናዳ ቶሮንቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ የሚቀረው ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ነበር።

የግመል ወተት ጉዳይ ከዚህ ተለይቶ መታየት አለበት። በሕንድ ራጃስታን ግመል አርቢ በሆኑት ራይካዎች መካከል በተደረገ ጥናት ወተቱን በሚጠጡት ላይ የስኳር ሕመም አልተገኘም፤ ሌሎች አነስተኛ ጥናቶችም ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይተዋል። ስለዚህ ሕመምተኛው ስኳር ሳይጨምር ወተቱን መጠጣቱ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ወተቱ የመድኃኒትን ቦታ እንደሚተካ ያረጋገጠ ጥናት የለም፤ ወተት ጠጥቶ መርፌን መተው በሞት የሚያስቀጣ ውርርድ ነው።

ስልክ የማይበቃበት ጊዜ

መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረኃብና ግራ መጋባት የስኳር ማነስ ምልክቶች ናቸው። መለኪያ ቢኖር ይለካ፤ ከሌለ ሳይጠብቁ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው መድገም፣ ሲሻለው ምግብ መስጠት ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ተደጋጋሚ ትውከት፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ፣ ድብታ ደግሞ የስኳር እጅግ መብዛት ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ሲሆን የድምፅ መልእክት ልኮ መልስ መጠበቅ አይገባም፤ ጉዞ መጀመር፣ ደውሎ ለጤና ጣቢያው ማሳወቅ የሚቻለው መንገድ ላይ ሆኖ ነው።

ለዚህም ሲባል ሦስት ቁጥሮች በሕመምተኛው ስልክ ብቻ ሳይሆን በቤቱ ባለ ሌላ ስልክና በቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ መኖር አለባቸው፦ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ በሌሊትም ቢጠራ የሚመጣ መኪና ያለው ሰው። ባትሪ የሞተበት ስልክ ውስጥ ያለ ቁጥር አይደወልም፤ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ግን ጎረቤት ሊደውለው ይችላል።